የክር ተላላኪዋ ወይዘሮ ወሰንየለሽ

ሶዶ መርካቶ አጠገብ ባለው የልብስ ሰፊዎች መደዳ ማንም ያልጻፈው፣ ማንም ግን የማይጥሰው አንድ ደንብ ነበረ፤ ጌታው መቀስ ሲያነሣ ለማጁ ይወጣል። ውጣ አይባልም። ክር ግዛ ይባላል፤ ቁልፍ አምጣ፣ ከሰል አራግብ፣ የእገሌን ሱሪ አድርስ ይባላል። ሲመለስ ጨርቁ ተቆርጦ፣ እጅጌው ከደረቱ፣ ደረቱ ከጀርባው ተለይቶ በጠረጴዛው ላይ ተደርድሮ ያገኘዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ፣ መጥለፉ፣ መዘምዘሙ፣ ቁልፍ መትከሉ፣ የለማጁ ነው። እንዲህ ሆኖ ዓመት ይሞላዋል። ልብስ እንዴት እንደሚጨረስ ያውቃል፤ እንዴት እንደሚጀመር አያውቅም።

ወይዘሮ ወሰንየለሽ ይህን ደንብ ያወቀችው ዘግይታ ነው። ቦዲቲ ተወልዳ ያደገች፣ ሶዶ ከገባች ብዙ ዘመን የሆናት ሴት ናት። በወጣትነቷ በከተማው በሚገኝ አንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የጽሕፈት መኪና ታስተምር ነበር። ኮምፒውተር መጣና ክፍሉ ተዘጋ፤ መኪኖቹ ወደ መጋዘን፣ እርሷ ወደ አንዲት ጠባብ ቢሮ ተዛወሩ። በቢሮዋ በር ላይ «የትብብር ሥልጠና አስተባባሪ» የሚል ጽሑፍ ተለጠፈ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ኮሌጁ የሙያውን ትምህርት በክፍል ውስጥ ይሰጣል፤ እጅ የሚፈታበትን ተግባር ግን ሠልጣኙ ከጋራዥ፣ ከሆቴል፣ ከብረታ ብረት ቤት ወይም ከልብስ ሰፊ ዘንድ ሄዶ፣ ከሥራው ጋር እየዋለ ይማራል። ያንን ቦታ ለምና የምታገኝለት ወሰንየለሽ ናት።

መለመን የሚለው ቃል በመመሪያው ውስጥ አይገኝም። መመሪያው «የአሠሪዎችን ተሳትፎ ማሳደግ» ይላል። ተሳትፎውን ለማሳደግ ግን በክረምት የፕላስቲክ ጫማዋን አጥልቃ፣ ቀዩን ጭቃ እየረገጠች፣ ከአንዱ ወርክሾፕ ወደ ሌላው የምትዞረው እርሷ ነበረች። የትኛው መካኒክ እናቱ አልጋ ላይ እንደዋለች፣ የትኛው ዳቦ ጋጋሪ ከሚስቱ ጋር እንደተኳረፈ ታውቃለች፤ ስለ ሠልጣኝ ከማንሳቷ በፊት የምትጠይቀው ስለዚያ ነው። ባለቤቶቹ ከሩቅ ሲያዩዋት ይሳሳቁባታል። አንዱ ጋራዥ ባለቤት ከመኪና ሥር ሳይወጣ፣ ዛሬ ደግሞ ስንት ወልደሽ መጣሽ ይላታል። እርሷም መንታ ናቸው፣ አንዱን ብቻ ያዝልኝ ትለዋለች። ከሆዷ የወጣችው አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ናት፤ በከተማው ወርክሾፖች ውስጥ ግን «የወሰንየለሽ ልጅ» የሚባል ሠልጣኝ የማይገኝበት ጥቂት ነው።

አያልነሽም የወሰንየለሽ ልጅ ነበረች። ከሃላሌ የመጣች፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን ዝምተኛ ናት። ወሰንየለሽ በመደዳው ከሁሉ ከሚከበሩት ልብስ ሰፊ፣ ከአቶ ጸሐዬ ዘንድ አስቀመጠቻት። የሥልጠናዋ ወራት አለቀ። አቶ ጸሐዬ ተግባሩን ፈጽማለች ብለው ፈረሙ፤ መምህሩ ተከታትያለሁ ብሎ ፈረመ፤ ኮሌጁ አረጋግጫለሁ ብሎ ፈረመ። ሦስቱ ፊርማዎች እውነተኛ ነበሩ። የተፈረመበት ነገር ግን አልነበረም።

በሙያ ብቃት ምዘናው ቀን ለአያልነሽ ጨርቅና መቀስ ተሰጣት። መቀሱን ይዛ ቆመች። ሌሎቹ ሲቆርጡ ቆመች፤ ሌሎቹ መስፋት ሲጀምሩም ቆማ ነበር። ሰዓቱ ሲያልቅ መቀሱን በጠረጴዛው ላይ በቀስታ አኖረች፣ ያልተነካውን ጨርቅ እንደነበረ አጣጠፈች፣ ጠርዙን ከጠርዙ አስተካከለች፣ ወጣችም። በዚያ ዓመት ሪፖርት ላይ «የትብብር ሥልጠና ያጠናቀቁ» ከተባሉት መካከል ተቆጠረች። ምዘናውን አለማለፏ ሌላ ገጽ ላይ፣ ሌላ ቢሮ የሚመለከተው ጉዳይ ሆነ። ገጾቹን የለየ ሰው ምን እንደሚያደርግ ያውቅ ነበር።

ወሰንየለሽ ግን ሃላሌ ድረስ ወረደች። የገበያ ቀን ነበር። አያልነሽ ሽንኩርትና በርበሬ ዘርግታ ተቀምጣ አገኘቻት። ልጅቱ ተነሥታ በርጩማዋን ለቀቀችላት፣ እርሷ ጆንያ ላይ ተቀመጠች፣ ከጎረቤት ነጋዴ ትኩስ ቅቅል ጎዳሬ በሚፋጅ ዳጣ አስመጥታ እንግዳዋን አበላች። ወሰንየለሽ እስክትጠግብ ምንም አልጠየቀቻትም። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«ልጄ፣ ለምን አልቆረጥሽም?» አለቻት።

«ጋሽ ጸሐዬ ሲቆርጡ አይቼ አላውቅም፣ እትዬ።»

«ያን ሁሉ ጊዜ?»

«ሁልጊዜ ክር እየገዛሁ ነበር» አለች አያልነሽ፤ እንደ ጥፋተኛ አቀርቅራ። ትንሽ ቆይታም «ክፉ ሰው አይደሉም። ሲበሉ ሳያበሉኝ ውለው አያውቁም» ስትል ጨመረች።

ልጅቱ ይህን የተናገረችው ማንንም ልትከስስ አልነበረም። ክሱ ግን ምንም የጎደለው ነገር አልነበረም።

በዚያው ሰሞን አንድ ትልቅ ስብሰባ ተጠራ። በአዳራሹ ፊት የትብብር ሥልጠናን በከተማው በእጥፍ ስለ ማስፋፋት የሚናገር ሰፊ ጨርቅ ተሰቀለ፤ ከልብስ ሰፊዎች መደዳ ለተሰበሰበው ሰው ሁሉ ሸሚዝ የሚያወጣ ጨርቅ ነበር። ባለሙያዎቹ ከኋላ ተቀመጡ። ከፊት የተቀመጡት ስለ እነርሱ ተናገሩ። በመጨረሻ አስተያየት ያለው ሲባል አቶ ጸሐዬ እጃቸውን አወጡ፤ ተነሡ፤ ኮፍያቸውንም አወለቁ።

«ልጅ እንድናስተምር ትላላችሁ፤ መልካም» አሉ። «ልጅ ሲማር ያበላሻል። የተበላሸው ጨርቅ በማን ነው?»

ከመድረኩ ስለ ጠቃሚ አስተያየታቸው ተመሰገኑ። መልስ አልተሰጣቸውም። በቃለ ጉባኤው ላይ «ከአሠሪዎች ዘንድ የግንዛቤ ክፍተት ታይቷል» ተብሎ ተጻፈ። በአዳራሹ ውስጥ ክፍተቱ የት እንደነበረ በትክክል የተናገረው ብቸኛ ሰው፣ ክፍተት ያለበት እርሱ እንደሆነ ተመዘገበ።

ወሰንየለሽ ጥያቄውን ሰምታ ዝም አላለችም። ኮሌጁ ከአሠሪዎች ጋር በሚፈርመው ውል ላይ አንድ አንቀጽ እንዲጨመር፣ ሠልጣኝ ያበላሸውን ጨርቅ ኮሌጁ እንዲተካ፣ የኮሌጁን ኃላፊ ደጋግማ ለመነችው። ኃላፊው ትሑት ሰው ነው፤ በገባች ቁጥር ወንበር ይስብላታል። ሐሳቡ ግሩም መሆኑን፣ ነገር ግን የበጀት ርዕስ የሌለው መሆኑን በገባች ቁጥር አስረዳት። በአዳራሹ የተሰቀለው ጨርቅ የበጀት ርዕስ ነበረው።

ነሐሴ ገባ። ጊፋታ ቀርቧል፤ የወላይታ ሰው አዲሱን ዓመት በዱንጉዛ ሊቀበል ጥቁር፣ ቀይና ቢጫውን ጨርቅ እየያዘ ወደ መደዳው ይጎርፋል። ሥራ የሚበዛው፣ ለማጅም ብዙ የሚያይበት ጊዜ ይህ ነው፤ ማየት ከተፈቀደለት። ወሰንየለሽ ከቦምቤ የመጣች ሩታ የምትባል ልጅ ይዛ ወደ አቶ ጸሐዬ ቤት ገባች። ሩታ እንደ አያልነሽ አልነበረችም፤ ዓይኗ ፈጣን፣ ምላሷም ከዓይኗ የማይዘገይ ናት። በኮሌጁ በወረቀት ላይ መቁረጥ ተምራለች። ምዘናዋ ከበዓሉ በኋላ ነው፤ የሚሰጣትም ወረቀት አይሆንም።

አቶ ጸሐዬ ልጅቱን ተቀበሉ። እምቢ ብለው አያውቁም።

በሁለተኛው ቀን ወሰንየለሽ ለክትትል መጥታ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። አቶ ጸሐዬ የአንድ ሙሽራ ኮት የሚሆን ዱንጉዛ በጠረጴዛው ላይ ዘረጉ፣ በመዳፋቸው ደባበሱት፣ እጃቸውን ወደ መቀሱ ሰደዱ።

«ሩታ፣ ጥቁር ክር አልቋል። እስኪ ሮጥ በይ።»

ሩታ ከመነሣቷ ወሰንየለሽ ተነሣች።

«እርሷ ትቀመጥ ጋሽ ጸሐዬ፤ እኔ መንገዴ ነው» አለች።

መንገዷ አልነበረም። ወጣች፣ ክሩን ይዛ ተመለሰች፣ በሁለት እጇም ሰጠቻቸው። አቶ ጸሐዬ ክሩን ተቀብለው አመሰገኑና መቀሱን መልሰው አስቀመጡ። ትንሽ ቆይተው የገበር ጨርቅ እንደጎደለ ትዝ አላቸው፤ ሩታን ጠሩ። ወሰንየለሽ ተነሣች። ከሰል ሊጠፋ ነው፤ ወሰንየለሽ ነጠላዋን ወደ ኋላ መልሳ ካውያውን ማራገብ ያዘች። የአንድ ደንበኛ ሱሪ መድረስ አለበት፤ ሱሪውን በፌስታል ይዛ ዝናብ ውስጥ ገባች።

በአገሩ ወግ ይህ የማይቻል ነገር ነው። ትዳር ያላት፣ ልጅ ያደረሰች፣ ባለ ቢሮ ሴት ለልብስ ሰፊ አትላላክም፤ የላካትም ሰው ይነወራል። አቶ ጸሐዬ አልላኳትም፤ ነገር ግን በላኩ ቁጥር የምትሄደው እርሷ ሆነች። በማግስቱም መጣች፤ በሦስተኛው ቀንም። መደዳው በሙሉ አወቀ። ክር ሻጩ፣ ጸሐዬ ደመወዝ ስንት ቆረጠልሽ እያለ ይጠይቃታል። ከአቶ ጸሐዬ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የስፌት መኪና የሚረግጠው ሻንቆ የሚባል ቀልደኛ ሰፊ ደግሞ፣ ወሰንየለሽ ከዝናብ ስትገባ ከመኪናው ሳይነሣ፣

«ወይዘሮ፣ ነገ ከንቲባውን ይዘውልን ይምጡ፤ ውሃ የሚቀዳ ሰው የለንም» ይላል።

አቶ ጸሐዬ አልሳቁም። የቆረጡትም ጥቂት ነበር፤ ጨርቁ ተከመረ፣ በዓሉ ቀረበ፣ መላኪያ ነገርም አለቀ። በአራተኛው ቀን ሩታን ወደ ሻይ ቤት ሊልኳት አፋቸውን ከፈቱና ወሰንየለሽ ወገቧን ደግፋ ስትነሣ አዩ። ጫማዋ ውሃ ቋጥሯል። አፋቸውን መልሰው ዘጉ። ሩታንና ሻንቆን ትተው ወሰንየለሽን ወደ በረንዳው ጠሯት።

«ምን አደረግሁዎት?» አሏት። «ሰው ምን እያለኝ እንደሆነ ሰምተዋል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ይተዉኝ።»

«ሃላሌ ሄጄ ነበር፤ አያልነሽ ዘንድ።» ከዚያ ያየችውን ነገረቻቸው፤ በርጩማውን፣ ጎዳሬውን፣ በምዘናው ቀን ተጣጥፎ የቀረውን ጨርቅ። አልወቀሰቻቸውም። ልጅቱ «ሳያበሉኝ ውለው አያውቁም» ማለቷንም አልደበቀችም።

አቶ ጸሐዬም የራሳቸውን አወሩ። ወጣት ሳሉ ያገለገሉት ጌታ እርሳቸውንም በየቀኑ ይልክ ነበር። መቁረጥን የተማሩት፣ ያረጁ ኮቶችን ከቆሻሻ እየለቀሙ፣ ስፌታቸውን እየተረተሩ፣ የእያንዳንዱን ቁራጭ ቅርጽ መሬት ላይ በጣታቸው እየሳሉ ነው። ዱንጉዛ ደግሞ ከዚያም ይብሳል፤ የእጅጌው መስመር ከደረቱ መስመር ካልገጠመ ልብሱ ልብስ አይባልም፤ የሸማኔ የሳምንት ድካም በአንድ የመቀስ አፍ ይጠፋል። አንድ ጊዜ ለአንድ ለማጅ መቀስ ሰጥተው ነበር። አበላሸ። የደንበኛውን ጨርቅ ከቤተሰባቸው ጉሮሮ ነጥቀው ተኩ። ዳግመኛ ለማንም አልሰጡም።

ወሰንየለሽ ይህን ስትሰማ የተሰማት ቁጣ በእርሳቸው ላይ አልነበረም። ጥፋታቸውን ታውቃለች፤ የአንዲት ልጅ ዓመት በእጃቸው ጠፍቷል፣ ይህንንም ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ነገር ግን ከተማው ለእነዚህ ሰዎች የሚያደርገውን አሁን በግልጽ አየችው። መማር ያበላሻል። የሚበላሸውን የሚሸከም ሰው ሳያዘጋጅ «አስተምሩ» የሚል ሁሉ፣ ከድሃ ባለሙያ መሶብ እየቆረሰ ለራሱ ሪፖርት ያጎርሳል። ባለሙያው ደግሞ መሶቡን ለመጠበቅ ልጅቱን ክር ይልካታል። ሁሉም ይፈርማል። በመጨረሻ ባዶ እጇን ወደ አገሯ የምትመለሰው፣ ምንም ያልፈረመችውና ምንም ያልወሰነችው ናት።

በማግስቱ በፌስታል የተጠቀለለ ጨርቅ ይዛ መጣች። ልጇ ለአባቷ የጊፋታ ስጦታ ብላ ያሸመነችው ዱንጉዛ ነው፤ የወሰንየለሽ ባል አቶ እስራኤል ኮት ሊያሰፉት ሲጠብቁ የቆዩት። ማታ እራት ላይ አሳቧን ስትነግራቸው መጉረሳቸውን አቁመው፣ የእኔ ትከሻ የመንግሥት ፕሮጀክት ሆነ ማለት ነው ብለው ጠይቀዋት ነበር። ከዚያ ግን ራሳቸው ተነሥተው ጨርቁን ከሣጥን አወጡላት።

ጨርቁን በጠረጴዛው ላይ አኖረችና፣

«ይህን ሩታ ትቁረጥ፤ እርስዎ ያሳዩአት» አለች። «ቢበላሽ የእኔ ነው። ክስ የለበትም።»

አቶ ጸሐዬ ጨርቁን ገለጡት፣ ወደ ብርሃን አቀረቡት። ከማን እጅ እንደወጣ ወዲያው አወቁ፤ የእርሳቸውም ሸማኔ እርሱ ነው። ሩታን በዓይናቸው ጠሯት። ሻንቆ መኪናውን አቆመ።

ጀርባውን እርሳቸው እየነገሩ እርሷ ቆረጠች። ደረቱን እያሳዩአት ቆረጠች። ድምፃቸው መጀመሪያ የተሰበረ ነበር፤ ይህን ነገር ጮክ ብለው ሲናገሩት በሕይወታቸው የመጀመሪያቸው ነው። መስመር የሚነበበው ከብብት በታች እንደሆነ፣ ጨርቅ ሲቆረጥ የማይሳበው ለምን እንደሆነ፣ መቀሱ ሳይዘጋ እንዴት እንደሚገፋ ነገሯት። ቃላቱ ከአፋቸው ሲወጡ እርሳቸውም የሚሰሟቸው ይመስሉ ነበር። እጅጌው ላይ ሲደርሱ አንዱን አሳዩአት፣ ሁለተኛውን ለብቻዋ እንድትቆርጥ ተዉላትና ላብ ሊጠርጉ ዘወር አሉ።

ሩታ ቆረጠች። መስመሩ እንከን አልነበረበትም። ሁለቱን እጅጌዎች ጎን ለጎን አስቀመጠችና እጇ በአየር ላይ ቀረ።

ሻንቆ አንገቱን አስግጎ አየ።

«አቶ እስራኤል ሁለት ቀኝ እጅ አላቸው እንዴ?» አለ።

ሁለተኛውን እጅጌ ጨርቁን ሳትገለብጥ ነበር የቆረጠችው። የዱንጉዛው ጥለት ፊትና ጀርባ ስላለው ቁራጩን ገልብጦ መጠቀም አይቻልም፤ የተረፈው ጨርቅም ለእጅጌ አይበቃም። ያቺ ፈጣን ሩታ መቀሱን ልታስቀምጥ ጠረጴዛውን በዓይኗ ፈለገች። ወሰንየለሽ ያን የአያልነሽን የምዘና ቀን የመቀስ አቀማመጥ በዓይኗ አይታው አታውቅም፤ ሲነገራት ብቻ ሰምታለች፤ ሆኖም አወቀችው።

«አታስቀምጪ» አሉ አቶ ጸሐዬ።

ወደ ጓዳ ገቡ። ሲመለሱ በክንዳቸው ላይ የታጠፈ ዱንጉዛ ነበር፤ ከዚያው ሸማኔ፣ በዚያው መስመር፣ ለራሳቸው በዓል አሸምነው ያስቀመጡት። ወሰንየለሽ፣ ጋሽ ጸሐዬ ይህን አያድርጉ ብላ ለመነቻቸው። እርሳቸው ግን ጨርቁን ዘረጉት።

«እኔም ተደብቄ ሁለት ግራ ቆርጬ ነበር» አሏት ለሩታ። «ጌታዬ አባረረኝ። ነይ፣ የቀኙን እጅጌ ከላይ አድርጊና ፊቱን ከፊቱ ግጠሚው።»

የአቶ እስራኤል ጨርቅ ባከነ፤ የአቶ ጸሐዬም ጎደለ። ሥልጠናውን በእጥፍ አስፋፋሁ የሚለው ወገን በዚያ ጠረጴዛ ላይ አንዲት ስንዝር አልጨመረም፤ ይህም በስሙና በአድራሻው ሊጻፍበት የሚገባ ጉዳይ ነው። የሆነው ሆኖ በዚያ ዝናባማ ከሰዓት በኋላ፣ በሶዶ ከተማ አንዲት ልጅ በሌሎች ሰዎች ጨርቅ ላይ የመሳሳት መብቷን አገኘች።

ሩታ ፊቱን ከፊቱ ገጠመች። አቶ ጸሐዬ የጨርቁን ጫፍ ያዙላት። መቀሱ ተከፈተ፣ ጨርቁን ነከሰ፣ ሳይዘጋ ወደ ፊት ሄደ። በዚህ መሃል አንድ ደንበኛ ጥላውን እያራገፈ በሩ ላይ ደረሰና ኮቱ ለበዓል ይደርስ እንደሆነ፣ ስለ መዘግየቱም ማን እንደሚጠየቅ በቁጣ ጠየቀ።

አቶ ጸሐዬ ፊታቸውን አላዞሩም፤ ዓይናቸው በልጅቱ እጅ ላይ ነበር።

«ተቀመጥ፣ ወንድሜ» አሉት። «ሥራ ላይ ነን።»